በበርሜል ያደረው ውሃ

ውድ አመተሥላሴ፣

«ውድ» የሚለውን ጽፌ ልሰርዘው ስል እጄ እምቢ አለኝ። እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ሞላሌ ውስጥ ከአንቺ የሚቀርበኝ ሰው አልነበረም። የቀረውን ግን ሳልሸፋፍን እጽፍልሻለሁ።

ዓሣዎቹን ከአዲስ አበባ ያመጣኋቸው ቀን ትዝ ይልሻል? ዘጠኝ ወርቃማ ዓሣዎች፣ ግማሹ ውሃ ግማሹ አየር በሆነ ፌስታል ውስጥ፣ መንገዱን ሙሉ ጭኔ ላይ ታቅፌያቸው ነበር። መናኸሪያ ቆመሽ ጠበቅሽኝ። «ምስኪኖች፣ የመንዝን ውርጭ መች ያውቁታል!» ብለሽ ነጠላሽን ፌስታሉ ላይ ጠቀለልሽው። የቤተ ሙከራውን የመስታወት ገንዳ አብረን አጠብነው።

የውሃውን ነገር የነገርኩሽ ያን ቀን ነው። እኛን ከበሽታ እንዲጠብቀን ቧንቧው ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥላል። ስለዚህ ውሃውን አፉ በተከፈተ በርሜል ቀድተን ቢያንስ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት እናስቀምጠዋለን። ክሎሪኑ ይተናል፤ ቅዝቃዜውም ከክፍሉ ጋር ይስተካከላል። ከዚያ በየሳምንቱ ከገንዳው ትንሽ ቀንሰን ባደረው ውሃ እንተካለን። ዘበኛችን ጋሼ ኪዳነ ወልድ ባየኝ ቁጥር «መምህርት፣ ውሃሽ ነቃ ወይስ ገና ተኝቷል?» ይሉኝ ነበር። «ቀስ ብለው ይናገሩ ጋሼ፣ እንዳይቀሰቅሱት!» የምትያቸው አንቺ ነበርሽ።

ባለፈው ሐሙስ አክስቴ አርፋ ለቀብሯ ወደ ቀየት ስሄድ ቁልፉን የሰጠሁት ለአንቺ ነው። በማግስቱ እንግዶች ከዞን መጥተው የሳይንስ ክበባችንን ሊጎበኙ ነበር። «ከዚህ በርሜል፣ አንድ ባልዲ ብቻ» አልኩሽ። ደገምኩልሽ።

«እንደ ሕፃን አታስጠኚኝ እንጂ!» ብለሽ ሳቅሽ።

ቅዳሜ ስመለስ ገንዳው ውስጥ አንድም ዓሣ አልነበረም። በርሜሉ ተደፍቷል፤ ውጪ ያለው የአበባ መደብ ረጥቧል። ክፍሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። ለካ በዚያው ሳምንት የከተማው የውሃ ማጠራቀሚያ ታጥቦ ክሎሪኑ በዝቶ ኖሯል። ከኋላዬ ገብተሽ እያለቀስሽ አቀፍሽኝ።

«እኛ ቤት ያደረ ውሃ ለእንግዳ አይቀርብም፣ ምሥራቅ። አቧራ ሰፍሮበት ሳየው አፈርኩ። ንጹሕ ይሁን ብዬ በርሜሉን ደፋሁት፤ ገንዳውንም አጉድዬ እስከ አፉ ከቧንቧ ሞላሁት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። እንግዶቹ ሲገቡ አንዱም አልተረፈም።»

ገባኝ። የቄስ ልጅ ነሽ። እናትሽ ለእንግዳ ውሃ ከመስጠታቸው በፊት እንስራው ውስጥ ያደረውን ደፍተው አዲስ ሲያስቀዱ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ዓሣዎቹን የገደላቸው እንግዳ ማክበርሽ ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት ይቅር ለማለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። «ሰኞ አብረን ገብተን ለርዕሰ መምህሩ እንዴት እንደሞቱ እንነግራቸዋለን፤ አልለይሽም» አልኩሽ። ራስሽን ነቀነቅሽልኝ።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩ አቶ ኃይለመስቀል ብቻዬን አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ በስሜ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነበር። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ተያይዟል፤ የእጅ ጽሕፈትሽን አወቅሁት። «መምህርት ምሥራቅ ባሳየችኝ መሠረት ውሃውን ከቧንቧ ቀድቼ ሞልቻለሁ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

«ዓሣን ውሃ ገደለው ብዬ ለዞን ሪፖርት ልጻፍ?» አሉኝ አቶ ኃይለመስቀል። ቁልፉ ከእኔ ተወስዶ ለአንቺ ተሰጠ። ክበቡን መምራቴን መቀጠል አለመቀጠሌ ዓርብ በመምህራን ስብሰባ ይወሰናል።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ደረስኩብሽ። «ምን አድርጌሽ ነው?» አልኩሽ።

«አንቺ ቋሚ ነሽ፤ እኔ ገና ሙከራ ላይ ነኝ። ደግሞ አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ምሥራቅ። ትችይዋለሽ።»

ይህን ስትይ ዓይኔን እንኳ አላየሽም። ጥንካሬዬ አንቺ የምትደበቂበት ግድግዳ ሆነ ማለት ነው። ከእኔ ጋር ያለቀስሽ ቅዳሜ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ግን ዓርብ ነው። ስታቅፊኝ ፈርመሽ ጨርሰሽ ነበር! ዓሣዎቹን አልቅሼላቸው ወጥቶልኛል። ያ እቅፍ ግን እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ ይከብደኛል።

ትናንት ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳ ስጠርግ ሰርካለም እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኛን በውሃው እንደዚያ እያስጨነቁን እርስዎ ራስዎ ረሱት እንዴ?» ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ የተነገራትን ነው የጠየቀችው። ነገ ስለ ደም ዝውውር ብነግራት ለምን ታምነኛለች? የወሰድሽብኝ ይህን ነው።

እንግዲህ ልንገርሽ። ዓርብ ስምንት ሰዓት አቶ ኃይለመስቀል «አስተያየት ያለው?» ሲሉ አንድ ደቂቃ ዝም እላለሁ። ያቺ ደቂቃ ያንቺ ናት። ተነስተሽ እውነቱን ከተናገርሽ፣ ሥራሽን እንዳታጪ አጠገብሽ ቆሜ እሟገትልሻለሁ። ጓደኛሽ ሆኜ ግን አይደለም፤ ያ አልቋል። ካልተነሳሽ እኔ እነሳና ቅዳሜ ያልሽኝን ቃል በቃል እናገራለሁ። አልጨምርበትም፤ አልቀንስም። እንግዶቹን ለማክበር ብለሽ እንዳደረግሽው ጭምር እናገራለሁ፤ እውነት ስለሆነ።

ማስጠንቀቂያው ላይ «ፈርሚ» ሲሉኝ ብዕሩን መልሼላቸው ወጣሁ። እዚህ ላይ ግን በደስታ እፈርማለሁ።

ምሥራቅ
ሞላሌ