የሾላው መርገጫ

አሶሳ፣ ጥቅምት አጋማሽ

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። እግርህ እንዴት ነው? ጀሶው ሲያሳክክህ ማንኪያ እየሰደድክ ታክከዋለህ ብሎ ያ ከተሜ ልጅህ አብዱልረሂም ነግሮኛልና እባክህ ተው። የአዲስ አበባው ብርድስ ተስማማህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ ጀምሯል፤ ማሽኔን አውጥቼ ማንጎው ሥር ነው የምሰፋው። እማዬ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ቢያማትም ምላሷ እንደ ወትሮው ነው። ጎረቤታችን ሐመድም በየቀኑ እየመጣ ይጠይቅሃል።

ሰላምታው ይኸው አለቀ። አሁን ወደ ቅያሜዬ ልግባ።

ቀፎዎቹን ሐመድ ይውሰዳቸው፣ እኔ ከእንግዲህ ዛፍ አልወጣም፣ ተረካቢም የለኝም አልክ አሉ። ተረካቢ የለኝም! እኔ ምንህ ነኝ? ገመዱን ከታች ይዤ ያደግኩት፣ ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ በክንዴ እየጠረግኩ አላዪው፣ ጠበቅ አድርጊው ስትለኝ የታዘዝኩት ማን ሆኜ ነው? ልውጣ ባልኩህ ቁጥር ሴት ልጅ ዛፍ ላይ ምን ትሠራለች እያልክ ስትመልሰኝ ኖረሃል። ሐመድ እንኳ ባለቤቱ በሕይወት እያለ የሰው ንብ አልነካም ብሎ እምቢ አለ። እሱ ያፈረውን አንተ እንዴት አላፈርክም?

እኔ እኮ ለመመለሻህ ስጦታ እየመረጥኩ ነበር። የንብ ልብስ ልሰፋልህ ብዬ ነጭ አቡጀዲ ገዛሁ፤ ለፊት መሸፈኛው አጎበር ቆረጥኩ። መለካት አላስፈለገኝም፤ ሱሪህን ስሰፋ የኖርኩ ነኝ፣ የእግርህን ርዝመት በቃሌ አውቀዋለሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ እማዬ አየችኝና ሐኪም ዛፍ አትውጣ ላለው ሰው የዛፍ መውጫ ልብስ ትሰፊያለሽ? ልታላግጪበት ነው ወይ? አለችኝ። እጄ ማሽኑ ላይ ቀረ። እውነቷን ነበር። አብዱልረሂም ደግሞ ዘመናዊ ቀፎ ልግዛለትና ጓሮ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው አለ። ሳቄ መጣ። አንተ እኮ ሳጥኑን ለዶሮ ነው የምታደርገው።

ከዚያ የቀፎዎቹን ነገር ሰማሁና ተናደድኩ። ንዴቴን ታውቀዋለህ፣ ካንተ የወረስኩት ነው። ልብሱን ፈትቼ በራሴ ልክ ቆረጥኩት። ውስጧን በጭቃና በእበት ለቅልቀህ ከቤት ጥግ ያስቀመጥካትን የቀርከሃ ቀፎ አጠንኳትና ተሸክሜ ወደ ትልቁ ሾላ ወረድኩ። እማዬ አንዴ አላህን አንዴ እኔን እየጠራች ከኋላዬ ተከተለች። ሐመድ ገመድ ሊይዝልኝ መጣ፤ እንደ ልማዱ አማርኛው ወንድና ሴት ሳይለይ አንተ እያለ እየጠራኝ፣ ተው፣ አባትህ ምን ይለኛል እያለ ለመነኝ። ማን ሰምቶት!

ወጣሁ። አባዬ፣ ወጣሁ!

ያስፈራኝ የነበረው መርገጫው ነው። ግንዱ ላይ በምሳር የፈለፈልካቸው የድሮዎቹ መርገጫዎች የተራራቁ ናቸው፤ ያንተን ረጅም እግር ይፈልጋሉ። እንደፈራሁትም አልደረስኩባቸውም። ግን እግሬ ግንዱን ሲዳብስ በሁለቱ አሮጌ መርገጫዎች መካከል ሌላ አገኘ። አዲስ ነው፤ የተቆረጠው እንጨት ገና አልጠቆረም። ቀና ብዬ ሳይ በየመካከላቸው እንዲሁ ተጨምሯል። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ዓይኔ ይለካል። ያ እርምጃ ያንተ አይደለም። የሐመድም አይደለም። እማዬ ደግሞ ዛፍ አትወጣም።

አዲሶቹ መርገጫዎች ከመጀመሪያው ትልቅ ቅርንጫፍ ትንሽ ዝቅ ብለው ያበቃሉ። የመጨረሻው ገና ግማሹ ነው የተፈለፈለው። እዚያ ላይ ግንዱን አቅፌ አለቀስኩ። ሐመድ የፈራሁ መስሎት ከታች ይጮሃል። በዚያ የነሐሴ ዝናብ ቀፎ ልሰቅል ወጥቼ አዳለጠኝ ብለኸናል፤ እኛም አምነንሃል። ያን ቀን ግን ቀፎዋ ከቤት ጥግ አልተነሳችም። ከአጠገብህ ያነሳነው ምሳርህን ብቻ ነበር። አልጠይቅህም። አንተም እንደማትነግረኝ አውቃለሁ።

ምሳሩን በገመድ አስልኬ ግማሹን ጨረስኩት። ከዚያ በላይ ያሉትንም እኔው ፈለፈልኩ። ቀፎዋን አንተ ከምትወደው ባላ ላይ፣ አፏን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጌ አሰርኳት። ስወርድ እጄ ሁሉ ተልጧል፤ እማዬ እየተሳደበች ቅቤ ቀባችኝ። ሐመድ ቆቡን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከና ለሰፈሩ ሊያወራ ሄደ። አሁን ገበያ ስወጣ ባለ ንቧ እያሉ ይጠቋቆሙብኛል፤ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የማልፈው፣ ምን ላድርግ! ንቦቹም ብዙ ሳይቆዩ ገቡ። ዛሬ ጠዋት እግራቸው ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ጭነው ሲገቡ ቆሜ ሳያቸው ማሽኔን ረስቼ አረፈድኩ።

ስጦታህንም በመጨረሻ መርጫለሁ። ቀርከሃ ሠሪው ዓብዱልላጢፍ መደገፊያ ያለው ሰፊ ወንበር ሠርቶልሃል፤ እግርህን የምትዘረጋበትም አለው። ከሾላው ሥር፣ ልጅ ሆኜ እቆምበት ከነበረው ቦታ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሐመድ ሊሞክረው ሲል ከልክዬዋለሁ፤ እማዬ ግን ተቀምጣበታለች፣ እሷን ማን ይከለክላል? እንግዲህ ገመዱን የምትይዘው አንተ ነህ። እኔ ከላይ ሆኜ አላላው፣ ጠበቅ አድርገው እልሃለሁ፣ አንተም ትታዘዛለህ።

አላህ እግርህን ያጽናልህ፣ ዕድሜህን ያርዝምልን፣ ከማሩም በአንድ ገበታ ያብላን። እማዬ እየተቆጣችም ቢሆን ሰላም ብላሃለች። ወንበርህን አቧራ ሳይለብሰው ና።

ተረካቢህ፣
ልጅህ