ለስብሰባ በቸርኬ፣ ለመንገድ በቀለም

ሰኔ 14 ቀን 1974 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለተከበሩ ጓድ ብዙነህ አሻግሬ፣
የመናኸሪያው ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? የዓይንዎን ጤንነት ለብቻው እጠይቃለሁ፤ መናኸሪያው በዓይን ብቻ መተዳደር ከጀመረ ወዲህ የዓይንዎ ነገር የሁላችንም ጉዳይ ሆኗልና። እኔ መሪጌታ ክንፈ አባተ፣ በልጅነቴ ፈንጣጣ ዓይኔን የወሰደብኝ የዜማ መምህር፣ ይህን የማስጽፈው በባለቤቴ በበለጥሻቸው እጅ ነው። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

1ኛ/ መናኸሪያውን ከጩኸት ስላጸዱልን አመሰግናለሁ። ከተማዋ ለእንግዳ እንድታምር ብለው ረዳቶች የሚሄዱበትን አገር እየጠሩ እንዳይጮኹ ከልክለው፣ በምትኩ ባለቁጥር ሰሌዳ አስተክለዋል፤ አንድ ደሴ፣ ሁለት ደጎሎ፣ ሦስት ከላላ። ቀለሙ እጅግ ያማረ ነው ይላሉ። በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ ለስላሳ ነው።

2ኛ/ ግንቦት 14 ቀን ማለዳ ወደ ከላላ ልሄድ መጣሁ። በማግስቱ የታላቅ እህቴ የአልታዬ አርባ ነበር። ዓይኔ ከጠፋ በኋላ እጄን ይዛ ከደብር ደብር እያዞረች ለዜማ ያበቃችኝ እርሷ ናት። ሦስተኛው ሰሌዳ የት እንደሆነ ዘብዎን በትሕትና ብጠይቀው ጣቱን ቀስሮ ያውልዎት አለኝ። ጣቱን እንዴት እንዳላየሁት እስካሁን ይገርመዋል አሉ። እኔም በግምት ሄጄ ተሳፈርኩ፤ ረዳቱም ደንቡን አክብሮ ዝም አለ። ትኬቴ የታየው ከተማውን ከለቀቅን ከብዙ ሰዓት በኋላ ነውና ወደ ደሴ እየተጓዝኩ መሆኔን ያወቅሁት አቀስታ ልንደርስ ስንል ነው። የሚመልሰኝ መኪና እስኪገኝ ፍትሐቱ አልቆ ሰዉ ተበትኗል። የእህቴ አርባ ያለ እኔ ዜማ አለፈ። ይህን ይቅር ልልዎት ሞክሬ አልቻልኩም። በለጥሻቸው ይህን አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጽፋዋለች።

3ኛ/ ከዚያ ወዲህ ዘመዶቼን ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ፣ ጀብሪል የሚባለው የከላላ መኪና ረዳት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ መሪጌታ፣ ከላላ ይኸ ነው ቢለኝ ሁለት ቀን ቀበሌ አሳደሩት። አሁን ሲያየኝ ይርቀኛል፤ አልፈርድበትም።

አንድ ነገር ግን ግራ ያጋባኛል። በመናኸሪያው በር የተሰቀለው አሮጌ የመኪና ቸርኬ ለስብሰባ ሲመታ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ይሰማል። እኔም ሰምቼ እመጣለሁ፤ አላይም ብዬ ልቅር ብል የሚፈቅድልኝ የለም። እንግዲህ እናንተ እኛን ስትፈልጉ በጆሮ፣ እኛ መንገድ ስንፈልግ በዓይን ሆነ ማለት ነው። ያው ቸርኬ መኪና ሊነሣ ሲል ለደሴ አንዴ፣ ለደጎሎ ሁለቴ፣ ለከላላ ሦስቴ ቢመታ፣ ከየሰሌዳው እስከ መኪናው በርም ገመድ ቢዘረጋ፣ የማንንም ጣት አልለምንም።

ሰኔ 25 የእህቴ ሰማንያ ነው። በዋዜማው ማለዳ በመቋሚያዬ ቸርኬውን ሦስት ጊዜ እመታለሁ። ሕዝቡ ስብሰባ መስሎት ቢወጣ የማስረዳው እኔው ነኝ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የከላላው መኪና የቱ እንደሆነ አፍ አውጥቶ የሚነግረኝ አይጠፋም። ሊያስሩኝ ቢፈልጉ እዚያው ያገኙኛል። አልሸሽም፤ የመሸሻውም መንገድ የተጻፈው በሰሌዳ ነው።

ሰሌዳዎ ሳይደበዝዝ፣ የዘብዎም ጣት ሳይታጠፍ ብዙ ዘመን እንዲኖሩልን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር በአውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ፤

መሪጌታ ክንፈ አባተ

ማሳሰቢያ፦ የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ በሦስተኛው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። የለጠፍኩት እኔው በዳበሳ ስለሆነ ከላላ የሚለውን ጽሑፍ ሸፍኖት እንደሆነ ይቅርታ ይደረግልኝ። ዓይን ያላቸው መንገደኞች ጮክ ብለው እየጠየቁ ይሂዱ።