በተነሣበት ይጠራል

ፍኖተ ሰላም፣ ሰኔ 11 ቀን 1996 ዓ.ም.

ጎዴ ለምታስተምረው ለወንድሜ ለወንዳወቅ፤

የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እዚህ ክረምቱ ገብቶ የማንኩሳ መንገድ ጭቃ ሆኗል።

«የአባባ እግር ዳነ ወይ?» ብለህ የጻፍከው ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ውጤቱን ስጠብቅ ነው። ከውስጥ እግራቸው ተቆርጦ አዲስ አበባ የተላከው ናሙና በስድስት ሳምንቱ መልሱ መጣ። ካንሰር ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጥቁር ነጥብ ሆኖ ሲያሳዩኝ «እሾህ ወግቶዎት ነው» ብዬ ቅባት የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ እኔ ነርሷ። ይህን የምነግርህ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው።

እሑድ ማንኩሳ ሄጄ ነገርኳቸው። የቅኔ ተማሪዎቻቸውን ወደ ውጭ አውጥተው፣ ረጋ ብለው፣ «ምን ዓይነት ነገር ነው?» አሉኝ።

«ጤነኛ ሕዋስ ጊዜው ሲደርስ ይሞታል፤ ቦታው ሲሞላም መባዛቱን ይተዋል። ይሄ ሁለቱንም እምቢ ያለ ነው። ባለበት አድጎ የሚቀር ዕጢ አለ፤ እሱ ተቆርጦ ይወጣል። ይሄ ግን እየተነቀለ ሌላ ቦታ ይሄዳል።»

«ብሽሽቴ ላይ የወጣው ንፍፊትስ? የሱ ስም ሌላ ነው?»

«አይደለም አባባ። ካንሰር የሚጠራው በተነሣበት ነው። የእርስዎ የተነሣው ለቆዳ ቀለም ከሚሰጠው ሕዋስ ነው። ብሽሽት ቢወጣ፣ ሳንባ ቢገባ፣ ያው የቆዳ ካንሰር ነው የሚባለው።»

ፈገግ አሉ። «እንደኛ እንደ ቅኔ ተማሪ ነዋ። የትም ጉባኤ ቢገባ በአገሩ ስም ይጠራል።» ከዚያ ትንሽ ሳሉና፣ «ሳንባ ነው ያልሽው?» አሉኝ።

የደረታቸውን ራጅ ከባሕር ዳር ይዤው መጥቼ ነበር፤ አላሳየኋቸውም። «ለምሳሌ ነው» አልኩና ውኃ ላመጣ ተነሣሁ። እግሩን መቁረጥ አሁን እንደማይጠቅም ራጁን ያየው ሐኪም ለኔ ብቻ ነግሮኛል።

ትናንት ተመልሼ ስሄድ ጉባኤ ቤቱ ጭር ብሏል። አሥራ አራቱንም ተማሪዎች አዴት ላሉት ለመሪጌታ ወልደ ገብርኤል አደራ ብለው ልከዋቸዋል። «እስኪሻለኝ ነው» አሉኝ፤ ፊቴን ሳያዩ።

ላንተም ትንሽ ሳል ብቻ እንደሆነ እንድጽፍልህ፣ ትምህርት ቤቱንም ትተህ እንዳትመጣ እንድነግርህ አዘውኛል። ይኸው ነገርኩህ። አንተ ግን ፈተናውን አርመህ እስክትጨርስ አትጠብቅ።

አባባ «ጉልበቱን ያጽናለት፣ ከክፉ ይሰውርልኝ» ብለውሃል። መንገድህን ቅዱስ ሚካኤል ይምራው።

እህትህ አምለሰት ገብረሰንበት