የጂራታ ሌንስና የኔ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለሊሴ፣ ዱባይ፤

እትዬ ለሊሴ፣ እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ሙለታስ፣ ትንሿ ኪያስ እንዴት ናቸው? ኪያ ጥርስ አወጣች አሉ፤ እሰይ! እኛ ለልደታ ምስጋና ይግባትና ደህና ነን። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ምንም አትል። እኔ ብቻ ነኝ የተቃጠልኩት። በስልክ እንዳልነግርሽ እማዬ ከአጠገቤ አትጠፋም፤ ስለዚህ ልጻፍልሽ።

ለእኔና ለጂራታ የላክሽልን ሁለቱ የካሜራ ሌንሶች በሰላም ደርሰዋል፤ እግዜር ይስጥልን። እማዬ እንደ ቤታችን ወግ «ታላቅ ይቅደም» ብላ እኔን አስመረጠችኝ። አንዱ ካርቶን ጉምሩክ ላይ ተከፍቶ በፕላስተር የታሸገ ነበር። እኔ አዋቂዋ ንጹሑን አንስቼ የተቀደደውን ለታናሽ ወንድማችን ገፋሁለት። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

ተቀጥረን ሰርግ ስናነሳ የሱ ፎቶ ከጥግ እስከ ጥግ ጥርት ይላል። የኔ መሃሉ ደህና ሆኖ ግራ በኩል የቆመ ሰው ሁሉ ጭጋግ ውስጥ የገባ ይመስላል። መጀመሪያ እጄ ተንቀጥቅጦ ነው አልኩ፤ ቀጥሎ ዓይኔን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ የኮንዶሚኒየሙ ኮሪደር ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፌ፣ ካሜራውን መቆሚያ ላይ አስሬ፣ ሁለቱን ሌንሶች እያፈራረቅሁ ጋዜጣውን አነሳሁት። ጎረቤቶች «ደሚቱ ደግሞ ለጋዜጣ ሰርግ ደገሰች» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ! በሱ ሌንስ ግራ ጥግ ላይ ያለው የሙት ዓመት ማስታወቂያ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በኔ የሟቹ ስም እንኳ አይለይም።

ጌጃ ሰፈር ካሜራ የሚጠግነው ፈቃደ ዘንድ ወሰድኩት። «ሞዴሉ አንድ ቢሆንም ሌንስ ሁሉ እኩል አይወጣም፤ ያንቺ ውስጥ ያለው አንዱ መስታወት ትንሽ ዘመም ብሏል፤ እዚህ አይቃናም» አለኝ። ቀጥሎም «የአንድ እናት ልጆችስ መቼ እኩል ይወጣሉ?» ብሎ ሲስቅ፣ በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝ።

ይባስ ብሎ ወይዘሮ ሸዋዓለም ልጃቸውን ሲድሩ ሁለታችንንም ቀጥረውን ነበር። አዲሶቹ አማቾቻቸው በኔ ፎቶ ግራ በኩል ድብዝዝ ብለው ወጡባቸው። ለመልሱ «ጂራታ ብቻውን ይምጣ» ብለው ላኩ። ካሜራ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ! አልዋሽሽም፣ ቅናት አንጀቴን አሳረረው። ለእማዬ «ሌንሱ ነው እንጂ እሱ ምን አለው!» እያልኩ ስነዘንዝ ሰማኝና «በቃ የኔን ውሰጂ፣ ያንቺን ስጪኝ» አለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀበልኩት።

የመልሱ ዕለት እኔ በሱ ሌንስ የሰው ክርስትና ሳነሳ ዋልኩ፤ እሱ ያንን ሸውራራ ይዞ ሄደ። ሽማግሌዎቹን መሃል ሰብስቦ፣ ግራውን ለመጋረጃ ትቶ፣ ጠጋ ብሎ እያሳቃቸው ነው ያነሳቸው። ወይዘሮ ሸዋዓለም ፎቶዎቹን አይተው እልል አሉ። የኔ ክርስትና ከጥግ እስከ ጥግ ጥርት ብሎ ወጣ። የልጁ አባት አገላብጠው አዩና «ደህና ነው» አሉኝ። ደህና ነው! እንዲህ ያለ ስድብ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

እባክሽ ሌላ ሌንስ ልግዛልሽ እንዳትይኝ። እስካሁን በሌንሱ አሳብብ ነበር፤ አሁን በምን ላሳብብ?

ሙለታን ሰላም በይልኝ፤ ኪያን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እማዬ «ወገቧን ትታሰር» ብላሻለች። ጂራታም ናፍቀሽዋል፤ የጻፍኩትን ግን እንዳትነግሪው። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ጎረቤታችን ኸይረዲን ነው፤ ሳታበዪው እንዳትሸኚው።

ፖስታው ውስጥ የእማዬን ፎቶ አድርጌልሻለሁ። ያነሳት ጂራታ ነው፣ በኔ ሌንስ። በግራ በኩል ትከሻዋ ደብዝዟል። እንዲህ ስትስቅ እኔ አንስቻት አላውቅም።

እህትሽ ደሚቱ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.