የእትዬ ዘነቡ ቀሚሶች

ቅዳሜ፣ ማርች 8
ዛሬ ኦፍ ነኝ። ልብስ አጠብኩ፣ ሽሮ ሠራሁ፣ ከሰዓት በባርት ባቡር ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ወረድኩ። እህቴ እትዬ ዘነቡ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ሐኪሞቹ ሕክምናውን አቁመውታል…
ከቁም ሣጥኗ ሻንጣ አስወረደችኝ። ድሮ የለበሰቻቸው ቀሚሶች።
«ቆራርጠሽ፣ ገጣጥመሽ፣ ኩዊልት የሚሉትን የአልጋ ልብስ ስፊልኝ። ለብሩክታዊት። ልጄ እኔን ትልበስ።»
እኔ? ቁልፍ ከመትከል ሌላ ስፌት መች አውቃለሁ?

ረቡዕ፣ ማርች 12
ላይብረሪ ለጀማሪ ስፌት የሚያስተምሩ አንዲት አሮጊት አሉ። «በእጅ ነው በማሽን?» አሉኝ። በእጅ ወራት ይፈጃል። በማሽን ከበረታሁ ሁለት ሳምንት።
እትዬ ወራት አላት?
የራሳቸውን ማሽን አዋሱኝ።

እሑድ፣ ማርች 16
ማሽኑን እትዬ ክፍል ውስጥ አስነሳሁት። ጩኸቱ ራሷን በጠበጣት። ሳሎን አወጣሁት። ሄደልኝ! ደስ ብሎኝ ፔዳሉን ስረግጥ ብሩክታዊት መጥታ ትከሻዬን ነካችኝ።
«አክስቴ፣ ሺ ኢዝ ኮሊንግ ዩ።»
እትዬ ውሃ ፈልጋ ስትጣራ ነበር ለካ። አልሰማኋትም።

ማክሰኞ፣ ማርች 18
በእጅ። በቃ።

እሑድ፣ ማርች 23
አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቤ እሰፋለሁ። ስፌቴ ይንጋደዳል። ጣቴን ስንቴ ወጋሁት… እሷ ግን እያንዳንዱን ቁራጭ ታውቀዋለች።
«ይሄ ካርቱም ነው፣ ስደት ሳለሁ። ማታ አጥቤ ጠዋት እለብሰዋለሁ፣ ሌላ የለኝማ። ይሄ ደግሞ ብሩክታዊትን ሳረግዝ።»
ሳቀች። ሳሉ አቋረጣት።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3
«ወይኒ፣ በማሽን አድርጊው። በእጅሽ አትደርሺም።»
«በማሽን ከሆነ ሳሎን ልሄድ ነው እኮ።»
 እጄን ያዘችኝ።
«እንግዲያው ተይው። እዚሁ ሁኚልኝ።»

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14
ጠዋት አረፈች። አጠገቧ ነበርኩ። መርፌው እጄ ላይ…
ግማሹንም አልደረስኩ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 16
ሰሙነ ሕማማት ነው፣ ፍትሐት የለም። ቄሱ «የሆሳዕና ለት ለሁላችንም ተፈትቷል» ብለው አጽናኑን። ብሩክታዊት አላለቀሰችም። ያስፈራኛል።

ቅዳሜ፣ ሜይ 31
አርባዋ ባለፈው ሳምንት ወጣ። ዛሬ ብሩክታዊት ኮል አድርጋ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ «ነይ፣ እንጨርሰው» አለችኝ።
ማሽኑ ሳሎን እንደተቀመጠ ነው። አሁን ጩኸቱ ማንን ይረብሻል?
እኔ አቀብላለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። ይሄ ካርቱም ነው እላታለሁ። ይሄ አንቺን ስታረግዝ። ታቆምና በእጇ ትዳስሰዋለች። እንዲህ እየተባባልን አንድ አረንጓዴ፣ አበባ ያለበት ቁራጭ ላይ ደረስን።
«ዚስ ዋን?» ብላ አቀበለችኝ።
አገላበጥኩት። አላውቀውም። እትዬ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት…
«ማንን እንጠይቅ?» አለችኝ። በአማርኛ።
የሚጠየቅ ሰው የለም። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። አቀፍኳት። እኔም አለቀስኩ።
ከዚያ ፊቷን ጠርጋ አረንጓዴውን መሀል ላይ ሰፋችው።