ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት

አባዬ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ።

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሞላ። እስካሁን እንድሪስ ዓርብ ዓርብ ወደ መቃብርህ ሲሄድ ሰላምታዬን የምልከው በእሱ ነበር። ይህን ግን በወንድሜ አፍ ልልክብህ አልቻልኩም፤ እንዳይሰማ ከሁሉ በላይ የምፈራው እሱ ነበርና። ስለዚህ ደብተሬን በስፌት መኪናዬ ላይ ዘርግቼ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። መኪናዋ ሥራ ካቆመች ቆይታለች። የሰውን ጨርቅ ሁሉ መልሻለሁ፤ አሁን ጠረጴዛ ሆናልኛለች።

ስለ ቤቱ አታስብ። በር ላይ የተከልከው የኒም ዛፍ ከጣሪያው አልፏል። ማሽላው ዘንድሮ አልከፋም። እንድሪስ ወፍ ሲጠብቅ ከርሞ ድምፁ ተዘጋ እንጂ ባንተ ወንጭፍ አንድ ወፍ እንኳ አልመታም፤ ብታየው በሳቅ ትሞት ነበር ልል ነበር፣ ይቅር በለኝ።

የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ፈሪ ሆኛለሁ። አስፋልቱ ላይ አይሱዙ ፍሬን በያዘ ቁጥር የያዝኩት ነገር ከእጄ ይወድቃል። መንገድ ለመሻገር ሌላ ሰው እስኪመጣ ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን የማላውቃትን ሴት ነጠላ ጫፍ ይዤ ተሻገርኩ። ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችኝና ቀስ ብላ ሄደችልኝ።

ያንን ረፋድ እያሰብኩ ነው የምኖረው። ከአክስቴ ቤት ከዋጃ ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ፀሐዩ በእኔ በኩል ነበር። ፊቴን እንዳይፈጀኝ ብለህ ባጃጁን አስቆምከውና ቦታ ተቀያየርን። ጥቂት እንደሄድን ያ አይሱዙ መስመሩን ስቶ የመጣው በፀሐዩ በኩል ነው። አንተ በዚያው ቀረህ፤ እኔን ባጃጁ ሲገለበጥ ቀኝ እግሬን ያዘኝ። እስከ ዛሬ ፀሐይ ያለበትን ወንበር ለማንም አልለቅም።

ደሴ ላይ በእግሬ ውስጥ ብረት አስገቡልኝ። አሁን ሐኪሙ ራጁን አይቶ ብረቱ ላልቷል፣ አጥንቱም ማመርቀዝ ጀምሯል አለ። ቶሎ ወጥቶ ካልተተካ እግሬን ከጉልበት በታች ሊቆርጠው እንደሚችል ፊት ለፊት ነገረኝ። ስፌት መኪናዬን የምረግጠው በዚያ እግር መሆኑን አልነገርኩትም። የማሳከሚያ አቅም ስለሌለን ለአይሱዙው ኢንሹራንስ አመለከትኩ።

እዚያ ስሜ ሦስተኛ ወገን ነው። አጠገብህ ተቀምጬ የነበርኩት ልጅህ ሦስተኛ ሆኜ ቀረሁልህ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት አምጪ አሉ፣ አመጣሁ። የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ አሉ፣ አመጣሁ። አባቴ መሆንህን በሦስት ምስክር ፍርድ ቤት አረጋግጪ አሉኝ፣ ያንንም አደረግሁ፤ የቆቦ ሰው አንተን የማያውቅ ይመስል። አንዴ መንገዱ ይዘጋል፣ አንዴ ኃላፊው የለም። ደግሞ አንድ ቀን አንድ የማላውቀው ሰው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ በስልኩ ፎቶ ሲያነሳኝ አየሁ፤ ኢንሹራንሱ የላከው መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ አካሄዴ ጠፋብኝ። ደህና ስራመድ አልታመመችም እንዳይሉኝ እፈራለሁ፤ ሳነክስ ደግሞ የእውነት እየባሰብኝ እንዳይሆን እፈራለሁ።

በመጨረሻ ወልድያ ካለው ቢሮ ጠሩኝ። ሠራተኛዋ ትሁት ናት፣ እህቴ እያለች ነው የምታናግረኝ። አንድ ወረቀት አውጥታ በጣቷ እያሳየች አነበበችልኝ። ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ በማንም ላይ ማንኛውንም ጥያቄ ላላነሳ ተስማምቻለሁ ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

መቼ እንደፈረምኩት ልንገርህ። በአርባኛው ቀን ሽማግሌዎች ሹፌሩን ይዘው መጡ። የጎብዬ ሰው ነው፣ የሁለት ልጆች አባት፤ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በራችን ላይ ቆመ። የሽማግሌዎቹ መሪ ያው ያንተው ጓደኛ አያ ይማም ነበሩ፤ ስንት ቤት አብራችሁ የታረቃችሁበት፣ ማለቴ ሰው ያስታረቃችሁበት። እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም አሉ። እንድሪስ ከጠብመንጃዋ ላይ እጁን አላነሳም ነበር። እኔ በክራንች ቆሜ አለቀስኩ፣ አንተ ብትኖር ሽማግሌ በር ላይ አታቆምም ነበር ብዬ ለመንኩት። እንድሪስም ይቅር አለ፤ ጠብመንጃዋን ግድግዳው ላይ ሰቀለና ዳግም በዚህ ደም ላያነሳት ማለ።

ከዚያ የመኪናው ባለቤት የላከው ሰው ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ማንበብ እችላለሁ አባዬ፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ግን ያ ሁሉ ሽማግሌ ቆሞ እኔ ወረቀት ሳገላብጥ ቃላቸውን የተጠራጠርኩ መሰለኝ። አፈርኩና ፈረምኩ። አያ ይማምም በጣታቸው አተሙ፤ እሳቸው ፊደል አይለዩም።

ከወልድያ ስመለስ ከእግሬ ይልቅ ያስፈራኝ ቤቴ ነበር። ዝም ካልኩ እግሬ ይሄዳል። ከተናገርኩ ደግሞ እንድሪስ እርቁ ማታለያ ነበር ብሎ ያቺን ጠብመንጃ ያወርዳል፤ ያ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ይሞታል፣ ወንድሜም እስር ቤት ይገባል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እራቱን ሳቀርብለት ዓይኑን ማየት አቃተኝ። ስልክ በጠራ ቁጥር ከወልድያ እንዳይሆንና እሱ እንዳያነሳው እየሮጥኩ፣ ማለት እየጎተትኩ፣ እቀድመዋለሁ።

አንድ ጧት ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ትንሽ ልጅ ሆኜ በውኃ ጠብ ክንዱ የተሰበረውን ገበሬ ስታስታርቅ ከአንተ ጋር ሄጄ ነበር። ታረቁና አብረው በሉ፣ ተሳሳሙም። እኔ አለቀ ብዬ ስነሳ አንተ የበዳዩን ወንድሞች ጠርተህ የሰውየው ክንድ እስኪድን ማሽላውን እናንተ ታጭዳላችሁ አልካቸው። በነጋታው ሲያጭዱ ውኃ ያመላለስኩላቸው እኔ ነበርኩ። አያ ይማምም እዚያ ነበሩ።

ሠራተኛዋ የሰጠችኝን የወረቀቱን ኮፒ ይዤ እሳቸው ዘንድ ሄድኩና ቃል በቃል አነበብኩላቸው። የራሳቸውን አሻራ ሳሳያቸው እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝና፣

«ይቅር ያልነው ሰውየውን ነው የኔ ልጅ። እግርሽን ይቅር ያለ ሽማግሌ የለም። ይህንን እዚያው ወልድያ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አሉኝ።

እሳቸው ሲጠይቁት ሹፌሩም አብሯቸው ሊመሰክር ፈቃደኛ ሆነ። ለእንድሪስ ግን ራሴ ካልነገርኩት እንደማይሄዱ አያ ይማም ነገሩኝ። ትናንት ከሰዓት፣ እሳቸው በር ላይ ቁጭ ብለው፣ ነገርኩት። ተነስቶ ወደ ግድግዳው ሄደ። እኔ የስፌት መኪናዋን በሁለት እጄ ያዝኩ አባዬ።

ጠብመንጃዋን አልነካትም። ከአጠገቧ ያንተ ከዘራ ተሰቅሏል፤ ከቀብርህ ቀን ወዲህ ማንም አልነካውም ነበር። አወረደና አቧራውን በጋቢው ጠርጎ ሰጠኝ።

«ይህንን ተደግፈሽ ቢሯቸው ግቢ» አለኝ።

ነገ አራታችን ወደ ወልድያ እንሄዳለን። ሠራተኛዋ እህቴ ብላ ትሰማን ይሆናል፣ ወይም ፍርድ ቤት ሂዱ ትለን ይሆናል፤ አላውቅም። አሁንም እፈራለሁ። አስፋልቱን እፈራለሁ፣ ወረቀቱን እፈራለሁ፣ የሐኪሙን ቢላ እፈራለሁ። ከዘራህ ግን ለእኔ ትንሽ ይረዝማል፤ እንድሪስ ላሳጥርልሽ ሲለኝ እንቢ አልኩት። በአንተ ልክ እንዳለ ይሁን፣ ስይዘው ቁመትህን እንዳስታውስበት። እና ነገ የሚሰጡኝን ወረቀት ሁሉ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ቢጠብቀኝም፣ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ። ያስተማርከኝን አልረሳም።

ልጅህ ዘሀራ፣ ከቆቦ