ከአራተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ስለመውረድ

ቀን፦ ጥቅምት 11

ለቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ባለቤቴን የመርሳት ሕመም ስለጀመራት የቤት ቅያሪ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች የሰባ አንድ ዓመት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ስሆን፣ ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት በስልክ ኦፕሬተርነት ያገለገለች ናት። የደንበኛ ቁጥር ከመዝገብ ፈልጋ አታውቅም፤ ሁሉንም በቃሏ ይዛ ነበር የምታገናኘው። ከሁለት ዓመት በፊት ሰፈራችን ለግንባታ ሲፈርስ ብሎክ 7፣ አራተኛ ፎቅ በዕጣ ደርሶናል። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ውኃም አለው። በዚህ ቅሬታ የለኝም።

2. ቅሬታዬ ሰው ስለሌለው ነው። የድሮው ቤታችን በር መንገድ ላይ ስለነበር አላፊ አግዳሚው ባለቤቴን ሳያናግር አያልፍም። እዚህ አራት ፎቅ ወጥቶ "እንዴት ዋላችሁ?" የሚል አልተገኘም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ሦስተኛው ላይ ቆሜ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ጆሮዋ ሲደክም ጊዜ ዝም አለች። ዝም ካለች በኋላ መርሳት ጀመረች፤ መጀመሪያ ምድጃ ላይ የጣደችውን፣ ቀጥሎ የልጃችንን ስም።

3. የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከሰፈራችን የተነሣነውን ሠላሳ አንድ አዛውንት ትከታተላለች። በመዝገቧ ቶሎ ቶሎ የሚረሱት የደም ግፊታቸው ያልተያዘ፣ ጆሯቸው የደከመና ብቻቸውን የሚውሉ ሆነው አግኝታቸዋለች። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብላ እንደማትምል ነግራኛለች። ስለ ባለቤቴም "ግፊቱን በክኒን ይዘንላቸዋል፤ ለመስሚያ መሣሪያውም ተመዝግበዋል። ሰው ግን፣ አባባ፣ ከመድኃኒት ቤት አይታዘዝም" ብላለች።

4. ባለፈው ወር ይህንኑ ለማስረዳት እናንተ ቢሮ ተሰልፌ ሳለሁ ባለቤቴ ከቤት ወጥታ ጠፋች። ያገኘኋት የድሮው ሰፈር አጥር ሥር ነው። የግንባታው ዘበኛ መቀመጫ ሰጥቷት፣ አትክልት ሻጯ የቀድሞ ጎረቤታችን አጠገቧ ሆና ይሳሳቃሉ። ስታየኝ "አንተ ቀጭኔ፣ የት ጠፍተህ ነው?" አለችኝ። በቅጽል ስሜ ከጠራችኝ አምስት ወር አልፎ ነበር። የጠፋችው እሷ መሆኗን አላስረዳኋትም።

5. የቢሮዎ ባለሙያ ምድር ቤት የሚፈቀደው ለእግር ሕመምተኛ ብቻ መሆኑን ገልጸውልኝ፣ "እግራቸውን ያማቸዋል ብለው ይጻፉ፣ አባባ" ሲሉ በቅንነት መክረውኛል። አመሰግናለሁ። ሆኖም የባለቤቴ እግር ደህና ነው፤ የጠፋችውም በእግሯ ነው።

6. የብሎካችን ምድር ቤት ክፍል 3 ውስጥ የተሰባበሩ የቢሮ ጠረጴዛዎች ተቆልፎባቸው ይገኛሉ። በሩ ሁሉም ሰው በሚያልፍበት ኮሪደር ላይ ነው። ጠረጴዛዎቹ ወደ እኛ ቤት ወጥተው እኛ እንድንወርድ ይፈቀድልን ዘንድ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ። የነርሷ ደብዳቤ ተያይዟል።

ይህን ማመልከቻ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አንብቤላት ከሥር ፈርማለች። "መቼ ነው የምንወርደው?" ብላ ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ጠይቃኛለች። አራቱንም ጊዜ "ቢሮው እንደፈቀደ" ብያታለሁ።

ከሁለታችንም የአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ) ጡረተኛው ልብስ ሰፊ
(ፊርማ) ባለቤቱ